ማረሻውን ወድደን ሠሪውን የጠላንበት ሰፈር

የወለቃ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ታሪክ ለዛሬው ቤተሰባችን ምን ይላል?

ከጎንደር ከተማ ወጥቶ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወለቃ ይደርሳል። ወለቃ ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። የቀድሞው ጸሎት ቤታቸውና የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ግድግዳዎች ለጎብኚ የሚታዩ ቅርሶች ሆነዋል። ከሸክላ የሚሠሩት ትንንሽ አንበሶችና የሰው ምስሎችም በመንገድ ዳር ይሸጡ ስለ ነበር የመንደሪቱ ስም ከአገር ውጭ ሳይቀር ታውቋል።

ወናፉን ያናፉ የነበሩት ቀጥቃጮች ግን ዛሬ በዚያ የሉም። ጸሎት ቤቱ ምእመናን የሉትም። አንድ ሰፈር ሙሉ ሙያውን፣ እምነቱንና ዘሩን ይዞ ሄዷል።

በዓለም ላይ ሥራቸው አብቅቶ ታሪክ ብቻ የሆኑ የሠራተኛ ሰፈሮች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ማዕድኑ አልቆበት፣ አንዳንዱ ፋብሪካው ተዘግቶበት ይፈርሳል። የወለቃ ታሪክ ከእነዚህ የሚለየው፣ የሰፈሩ ሰዎች የሚሠሩት ዕቃ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ተፈላጊ ሆኖ ሳለ ሠሪዎቹ ግን ያልተፈለጉ በመሆናቸው ነው። ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ያ ማረሻውን ወድዶ ሠሪውን የመጥላት ልማድ መንደሩ ከተለቀቀ በኋላም ከመካከላችን አልወጣም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ በአማኞች ቤት ሽማግሌ ሲላክ ብቅ ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሬት ያጡ፣ እጃቸውን ያገኙ

ቤተ እስራኤል በሰሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ የኖሩ፣ የሙሴን ሕግ የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሌሎች «ፈላሻ» እና «ካይላ» ይሏቸው ነበር። እነርሱ ግን እነዚህን ስሞች አይወድዱም፤ ቤተ እስራኤል መባልን ይመርጣሉ።

ከርስታቸው መለየታቸው የጀመረው፣ እንደሚተረከው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት በአጼ ይስሐቅ ዘመን ነው። ንጉሡ ድል ካደረጉ በኋላ፣ ጥምቀትን የተቀበለ የአባቱን ርስት እንዲይዝ፣ ያልተቀበለ ግን ርስት አልባ እንዲሆን አዘዙ ይባላል። ከዚያ በኋላም በአጼ ሠርፀ ድንግልና በአጼ ሱስንዮስ ዘመን በሰሜን ተራሮች ከባድ ጦርነቶች ተካሄዱ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የቤተ እስራኤል የራስ ገዝነት አበቃ።

ርስት የሌለው ገበሬ የሰው መሬት በእርቦ ወይም በሲሶ ከማረስ ሌላ ምርጫ የለውም። መሬት በሚከበርበት አገር መሬት ያጣ ሰው በእጁ ጥበብ ማደር ነበረበት። ስለዚህ ብዙዎቹ ብረት መቀጥቀጥን፣ ሸክላ መሥራትን፣ ሽመናን፣ ግንበኝነትንና አናጺነትን ያዙ።

አጼ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው ሲያደርጉ ይህ የእጅ ጥበብ እጅግ ተፈለገ። ዛሬ ዓለም የሚጎበኛቸው የጎንደር ግንቦች ሲሠሩ ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል የቤተ እስራኤል ሰዎች ነበሩበት። አንዳንዶቹ መሪዎቻቸው በነገሥታቱ ዘንድ ሹመትና መሬት እስከ ማግኘት ደርሰው ነበር። ነገር ግን በ1668 በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በከተማዋ ካይላ ሜዳ የሚባለው ሰፈር ስም የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ግንቡን የሠራው እጅ ከግንቡ አጠገብ እንዳይኖር ተደረገ ማለት ነው።

ከሰል፣ ወናፍና ጭቃ

የቀጥቃጭ ሥራ በከሰል ይጀምራል። እንጨቱ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ በአፈር ተሸፍኖ ቀስ እያለ እንዲከስል ይደረጋል። ነፋስ ከገባበት አመድ ይሆናል፤ ከታፈነ ደግሞ ሳይከስል ይቀራል። ጥሩ ከሰል ያለ ጭስ ይነድዳል፣ ብረቱንም ፍም ያስመስለዋል።

ሰሜን ጎንደር የድንጋይ ከሰልም አጥታ አታውቅም። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ ሊግናይት የሚባለው ዓይነት የድንጋይ ከሰል መኖሩ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ሊግናይት ግን ሙቀቱ አነስተኛ፣ አመዱ ብዙ ነው። በዚህም ላይ በአውሮፓ እንደምናውቃቸው ያሉ በከሰል ቁፋሮ ብቻ የሚኖሩ ትልልቅ ከተሞች በጭልጋ አልተነሡም። በጎንደር ደጋ የከሰል ሰው ማለት ከምድር ውስጥ የሚቆፍር ሳይሆን በወናፍ ፊት የሚቀመጥ ቀጥቃጭ ነው።

በቀጥቃጩ ጎጆ ውስጥ ሁለት ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ወናፎች አሉ። አንዱ ሲነፍስ ሌላው አየር ይስባል፤ እሳቱም ሳያቋርጥ ይነፋል። ብዙ ጊዜ የሚያናፋው ልጅ ነው፤ ሙያውን የሚማረውም እንደዚሁ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ነው። አባት የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ ያኖራል፤ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ መልሶ እሳት ውስጥ ይከታል። በመጨረሻም ውኃ ውስጥ ሲነክረው ብረቱ ይጠነክራል። ከዚያ የሚወጣው ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ዶማ፣ ቢላዋ ነው።

ማረሻ በድንጋያማው የደጋ መሬት ላይ ቶሎ ይደንዛል። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት ገበሬው ወደ ቀጥቃጩ መሄዱ አይቀርም፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ በእህል ይከፍላል። በአጭሩ በዚያ አገር በእያንዳንዱ ጤፍና ገብስ ውስጥ የቀጥቃጩ ላብ ነበረበት።

ሴቶቹ ደግሞ ጭቃውን ከምድር አውጥተው፣ ጠጠሩን ለቅመው፣ አቡክተው፣ ያለ ምንም መሽከርከሪያ በእጃቸው ብቻ እንስራ፣ ማሰሮ፣ ድስት፣ ምጣድና ጀበና ይሠሩ ነበር። ዕቃው ከደረቀ በኋላ በለሰለሰ ድንጋይ ተወልውሎ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኮሳል። አንድ እንስራ በእሳት ውስጥ ቢሰነጠቅ የቀናት ድካም ከንቱ ይቀራል። እንጀራው የሚጋገርበት፣ ወጡ የሚሠራበት፣ ቡናው የሚፈላበት ዕቃ በሙሉ ከእነዚህ ሴቶች እጅ የወጣ ነበር።

«ቡዳ» የሚለው ስም

ታዲያ ይህን ሁሉ ለሚያደርግ ሰው የተሰጠው ስም ምን ነበር? ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ።

እሳትን አዝዞ ብረትን እንደ ሊጥ የሚያደርግ ሰው ያለ ድብቅ ኃይል እንዲህ ሊያደርግ አይችልም ተብሎ ታሰበ። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ እንደሚሆን ተወራ። ሕፃን ሲታመም፣ ላም ወተት ስትነጥፍ፣ ሙሽራ ስትገረጣ «የበላት አለ» ተብሎ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቀጥቃጩ መንደር ነበር። ከገበያ ማረሻውን ገዝቶ የሄደው ገበሬ ከሠሪው ጋር በአንድ ገበታ አይቆርስም። ጀበናዋን የገዛችው እመቤት የሸክላ ሠሪዋን ዓይን ትሸሻለች።

በሌላ በኩል ቤተ እስራኤልም የራሳቸው አጥር ነበራቸው። ሕጋቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ከሌላው ሰው ጋር ከተነካኩ ውኃ ወርደው ይታጠቡ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ይህን ልማድ «አትንኩኝ» ይሉት ነበር። መንደሮቻቸው ወንዝ ዳር የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ስለዚህ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ሁለት አጥር ቆመ። ይሁን እንጂ ሁለቱ አጥሮች እኩል አልነበሩም። አንደኛው ራስን ለመጠበቅ የታጠረ ሲሆን፣ ሌላኛው ግን ወንድምን ከሰው ቁጥር የሚያወጣ ነበር።

አጼ ምኒልክ በ1908 ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው ከስድቡ እንዲታቀብ አዘዙ። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ የሚሸምነውን ሸማኔ እያሉ ማዋረድ አገርን የሚጎዳ መሆኑንም ገለጡ። አዋጁ መልካም ነበር። የሰው ልብ ግን በአዋጅ አይለወጥም።

እሳቱ አንድ፣ ክብሩ ሁለት

ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ይህም እንደ ወለቃ በእሳትና በብረት የታወቀ ሰፈር ነበር፤ በወንጌል አማኞች ዘንድም ልዩ ታሪክ አለው።

ሳሙኤል ጎባት በ1830 በጎንደር ተቀምጦ የወንጌል መጻሕፍትን ያካፈለ ሚሲዮናዊ ነበር። ኋላ በኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆኖ ሳለ በስዊዘርላንድ በቅድስት ክሪሾና የተማሩ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። እነዚህ ወጣቶች የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ነበሩ። አጼ ቴዎድሮስ ሙያቸውን ወደዱ፤ በጋፋት አሰፈሯቸው። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹም መጽሐፍ ቅዱስ ከማስተማር ጋር መንገድ ሠሩ፣ ጋሪ ሠሩ፣ በመጨረሻም በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ አቀለጡ። በ1867 የተሠራው «ሴባስቶፖል» ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ልብ ብለን እንይ። በጋፋት እሳት የሚያነድዱት የውጭ አገር ሰዎች በንጉሥ ፊት ተከበሩ፤ ተሸለሙ፤ ከታላላቅ ቤት ሚስት አገቡ። በወለቃና በሌሎች መንደሮች ያው እሳት የሚያነድደው አገሬ ሰው ግን «ቡዳ» ይባል ነበር። ከሰሉ ያው ከሰል፣ ወናፉም ያው ወናፍ ነው። ስለዚህ ችግሩ በሥራው ላይ አልነበረም፤ ሥራውን በምናይበት ዓይን ላይ እንጂ።

ወንጌል ወደ መንደሩ ሲመጣ

በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለ ከአይሁድ ወገን የሆነ ክርስቲያን ከለንደን መጥቶ በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤልን መንደሮች ጎበኘ። ማርቲን ፍላድም በደምቢያ በጀንዳ የወንጌል ጣቢያ ከፈተ። ሥራው የተፈቀደው አዲስ አማኞች በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በሚል ስምምነት ነበር። በ1863 ስተርን ታሰረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ተፈትተው ከአገር ወጡ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ይዘው የቀጠሉት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ በፍላድ እጅ አድጎ በቅድስት ክሪሾና የተማረው ሚካኤል አረጋዊ ነው።

ይህን ታሪክ ስንተርክ የሌላውን ወገን ሕመም መደበቅ ተገቢ አይደለም። ለብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የዚያ ዘመን ስብከት አባትና ልጅን የለየ መከራ ሆኖ ተሰምቷቸዋል። በ1862 አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝባቸውን ሰብስበው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግር ጉዞ ጀመሩ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር። ብዙዎቹ ግን በትግራይ በረሃብና በበሽታ አለቁ። ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። «ክፉ ቀን» የሚባለው ታላቁ ረሃብም ተከተለ። ከብት አለቀ፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ።

ደግሞም ክርስትናን የተቀበሉት ራሳቸው ዕረፍት አላገኙም። ከቀድሞ ወገኖቻቸው ተለዩ፤ አዲሱ ወገናቸው ደግሞ ከጥምቀት በኋላም የቀጥቃጭ ልጅ ማለቱን አልተወም። ወንድም ተብሎ ተጠራ፤ ለጋብቻ ግን አልተፈለገም። ይህ ነጥብ ለእኛ ለወንጌል አማኞች የሚያሳፍር ጥያቄ ነው።

ጥቁር ፊትና ነጭ የእንባ መስመር

ወንጌል ወደ ተናቀ የሠራተኛ ሰፈር ገብቶ ሰፈሩን ሲለውጥ ለማየት ወደ አንድ ሌላ የከሰል ሰፈር እንሻገር። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ አጠገብ ኪንግስውድ የሚባል ስፍራ አለ። በ18ኛው መቶ ዓመት ነዋሪዎቹ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ። የከተማው ሰው ይፈራቸዋል፤ ጠጪዎችና ረባሾች ይላቸዋል። ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። በቤተ ክርስቲያንም ስለ እነርሱ የሚያስብ እምብዛም አልነበረም።

በየካቲት 1739 ጆርጅ ዊትፊልድ ወደዚያ ሰፈር ሄዶ በሜዳ ላይ ቆሞ ሰበከላቸው። በመጀመሪያው ቀን የሰሙት 200 ያህል ነበሩ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ቁጥራቸው በሺህ የሚቆጠር ሆነ። ሰባኪው ቃሉ ልባቸውን መንካቱን ያወቀው፣ በከሰል አቧራ በጠቆረው ፊታቸው ላይ እንባቸው ነጭ መስመር እየሠራ ሲወርድ በማየቱ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጆን ዌስሊም በሜዳ መስበክ ጀመረ። ለቆፋሪዎቹ ልጆች ትምህርት ቤት ተሠራ።

ዛሬ በኪንግስውድ የከሰል ጉድጓድ የለም። ነገር ግን የዚያ ሰፈር ስም በወንጌል ታሪክ ውስጥ በክብር ይጠራል። ሰባኪዎቹ ሰዎቹን በሙያቸው አልናቋቸውም፤ እነርሱ ወዳሉበት ሄዱ፤ ከነአቧራቸው ተቀበሏቸው፤ ልጆቻቸውንም አስተማሩ። የወለቃ ሰዎች ከጎረቤት ያጡት ይህን ነው።

ሰፈሩ ሲለቀቅ

በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት አልባ ለነበረው ሁሉ መሬት የማግኘት መብት ሰጠ። ለዘመናት የሰው ጢሰኛ የነበሩ ቤተ እስራኤልም በሕግ ባለ መሬት ሆኑ። ይሁን እንጂ ዘመኑ የጦርነትና የረሃብ ዘመን ነበር፤ የጎረቤት ቂምም አልቀረም። በዚያው ዓመት የእስራኤል መንግሥት ቤተ እስራኤልን በመመለስ ሕግ እንደ አይሁድ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና በስደተኞች ሰፈር ወደ 4,000 የሚገመቱ ሰዎች ሞቱ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ሥራ ወደ 8,000 የሚሆኑ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። በግንቦት 1991 ደግሞ «የሰሎሞን ዘመቻ» ተካሄደ፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። ለመንገደኛ ብዛት ሲባል የአውሮፕላኖች መቀመጫ ተነቅሎ ነበር።

ወለቃም እንዲሁ ባዶ ቀረች። በቦታው የቀሩትና ኋላ የመጡት ጎረቤቶች፣ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች፣ የሸክላውን ሥራ ያዙ። ሴቶችን በሸክላና በሽመና የሚያሠለጥን ማዕከልም በመንደሪቱ ተቋቋመ፤ ስሙን ከማረሻ የወሰደው ይህ ፕሮጀክት ችግረኛ ሴቶች በእጃቸው ሥራ ራሳቸውን እንዲችሉ ረድቷል። ቀድሞ የሚያሰድበው ጭቃ የቤተሰብ ማደሪያ ሆነ ማለት ነው።

የሄዱትስ? በሄዱበትም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። በ1996 በእስራኤል ከኢትዮጵያውያን የተለገሰው ደም በሽታ ይኖርበታል በሚል ፍራቻ በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ታወቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥቶ አለቀሰ፤ ተቃወመ። እዚህ ዓይናቸው የተፈራ ሰዎች እዚያ ደማቸው ተፈራ። ንቀት ፓስፖርት አይጠይቅም፤ በየአገሩ አዲስ ስም ያወጣል እንጂ። ሆኖም በ2008 «ስግድ» የተባለው በዓላቸው የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ ታወጀ። በጎንደር ተራሮች ላይ ይጸልዩት የነበረው ጸሎት ዛሬ በኢየሩሳሌም ይሰማል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ባለ እጅ ምን ይላል?

አንድን ነገር በጥሞና እናስብ። በመጽሐፍ ቅዱስ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ አስቀድሞ የተነገረለት ባለ ሙያ ማን ነው? ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራው፣ ድንጋይና እንጨት የሚቀርጸው ባስልኤል ነው (ዘጸ. 31፥1-5)። የማደሪያውን ድንኳን ዕቃ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጥበብ የሰጠው ጌታ ራሱ ነው።

በሳኦል ዘመን ፍልስጥኤማውያን እስራኤልን ለማድከም የመረጡት መንገድ ብረት ሠሪ ማሳጣት ነበር (1ኛ ሳሙ. 13፥19-22)። ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ይወርድ ነበር። በጦርነት ቀንም ሰይፍና ጦር የነበራቸው ሳኦልና ዮናታን ብቻ ነበሩ። ቀጥቃጩን ያጣ ሕዝብ እጁን ያጣ ሕዝብ ነው። ፍልስጥኤማውያን በጉልበት በእስራኤል ላይ ያደረጉትን እኛ በስድብ በራሳችን ላይ አደረግነው።

ነቢዩ ኢሳይያስም በወናፍ ፍም የሚያናፋውን ብረት ሠሪ የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይመሰክራል (ኢሳ. 54፥16)። እግዚአብሔር ለኤርምያስ ሊናገረው በፈለገ ጊዜ የላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው (ኤር. 18፥1-6)። ጳውሎስ፣ አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ (ሐዋ. 18፥3)።

ከሁሉ በላይ ጌታችን ራሱ በናዝሬት ጸራቢ ነበር። የአገሩ ሰዎች የተሰናከሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ይህ ጸራቢው አይደለምን እያሉ ናቁት (ማር. 6፥3)። እንግዲህ ሰውን በእጁ ሥራ የሚንቅ ሁሉ ሳያውቀው ከናዝሬት ሰዎች ጎን ቆሟል። ያዕቆብም በመልእክቱ እምነትንና ለሰው ፊት ማድላትን አንድ ላይ መያዝ እንደማይቻል አጥብቆ ይናገራል (ያዕ. 2፥1-4)።

ነገሩ ወደ ቤታችን ሲመጣ

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የድሮ ታሪክ ነው፤ እኛ ድነናል» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ በጉባኤ አብረን እንዘምራለን፤ ከአንድ ማዕድም እንካፈላለን። ነገር ግን ፈተናው የሚመጣው ልጃችን «ላገባት የምፈልጋት እኅት አለች» ያለ ቀን ነው።

ያን ቀን ብዙ ወላጆች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ጌታን ትወዳለችን?» መሆኑ ይቀርና «የማን ዘር ናት?» ይሆናል። አጥንት ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይጠየቃል። ከዚያ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት ቃል ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹም ይመለሳሉ። ልጅቱ የሚነገራት ምክንያት ሌላ ነው፤ «የጌታ ፈቃድ አይደለም» ይባላል። ወገኖቼ፣ የእኛን ንቀት የጌታ ፈቃድ ብለን መጥራት የጌታን ስም በከንቱ ማንሣት ነው።

ሌላው በሽታ ሲመጣ ነው። ሕፃን በሌሊት ሲያለቅስና ሲያስመልሰው «ዓይን ነው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አማኝ እናት ሁለት ነገር ማድረግ ትችላለች፤ በጌታ በኢየሱስ ስም ትጸልያለች፤ ሳትዘገይም ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች። ጣቷን ወደ ጎረቤቷ መቀሰር ግን የእርሷ ድርሻ አይደለም። ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው የቆየ ሕፃን ፈሳሽ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ «ማን በላው?» እየተባለ የሚያልፈው ሰዓት የሕፃኑ ነፍስ ነው። በክርስቶስ ያለ ሰው የጎረቤቱን ዓይን አይፈራም፤ ጌታው ከዓለም ሁሉ ይበልጣልና።

ልጆቻችን ስድቡን የሚማሩት ከእኛ ነው። ሲጣሉ «አንተ ቀጥቃጭ» ቢሉ ቃሉን ከትምህርት ቤት ብቻ አላመጡትም፤ ከቡና ወሬያችንም ሰምተውታል። ስለዚህ ወላጆች በቤት ውስጥ የሚጣለውን ቃል ይጠብቁ። ልጁ በእንጨት፣ በብረት ወይም በጭቃ መሥራት ቢወድድ «ትምህርት አልገባውም» ብለን አናሳንሰው፤ ባስልኤልን እናስታውስለት። ሽማግሌዎችም ለጋብቻ ሲላኩ ስለ ሃይማኖትና ስለ ምግባር ይጠይቁ፤ አጥንት ቆጠራውን ግን ይተዉት።

የወለቃ ቀጥቃጮች ሄደዋል፤ ልንመልሳቸው አንችልም። ነገር ግን በየከተማችን በብየዳ ቤት፣ በጋራዥ፣ በሸክላ ተራ፣ በቆዳ ፋቂዎች ሰፈርና በሸማኔዎች መንደር እሳት የሚያነድዱና እጃቸውን የሚያቆሽሹልን ወገኖች አሉ። ማረሻውን ከወደድን ሠሪውንም እንውደድ። በገበታችን እናስቀምጠው፤ ልጁም ልጃችንን ቢጠይቅ እንደ ማንኛውም ወንድም በሩን እንክፈትለት። ከጭቃ የሠራን አንዱ ሸክላ ሠሪ ነውና፣ ጭቃ ጭቃን የሚንቅበት ምክንያት የለም።

በቤተሰብ ለመወያየት

1. በቤታችን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች በእጅ የተሠሩት የትኞቹ ናቸው? ማን እንደ ሠራቸው እናውቃለን?

2. ኢሳ. 54፥16ን እና ያዕ. 2፥1-4ን አብራችሁ አንብቡ። በንግግራችን ውስጥ ሰውን በሙያው ወይም በዘሩ የሚያዋርድ ቃል አለ?

3. ልጃችን ሙያው ወይም ዘሩ የተናቀ ቤተሰብ ልጅ ላግባ ቢል የመጀመሪያ ጥያቄያችን ምን ይሆናል? ዛሬውኑ በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ጸልዩበትም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።